የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከኮሪያ ያልተመለሰው ወንድም

በኮሪያ ጦርነት ከተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው በዚያው ስለወደቁ ወታደሮች ከቤተሰቦቻቸው የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብሰብ አድርገን እንመልሳለን። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ታላቅ ወንድም ክቡር ዘበኛ ተቀጥሮ ኮሪያ ዘመተና እዚያው ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመት አይሞላውም ነበር ይላሉ። የቀረን አንድ ፎቶና አንድ ሜዳይ ነው። በየትኛው ውጊያ፣ በየትኛው ቀን እንደወደቀ የሚያውቅ ዘመድ የለም። ከየት ልጀምር?
*አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ ከሞተበት ቦታ በፊት የዘመተበትን ዙር ይፈልጉ፤ ሌላው ሁሉ የሚከፈተው በእሱ ነው። የቃኘው ሻለቃዎች ከክቡር ዘበኛ እየተውጣጡ በየዓመቱ ገደማ ይቀያየሩ ነበር። አንደኛው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገር ወጣ፤ በ1944 ሁለተኛው፣ በ1945 ደግሞ ሦስተኛው ተተካ። ሦስቱም የተዋጉት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሆነው ነው። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የተላኩት ለጥበቃ እንጂ ለውጊያ አልነበረም። ቤተሰቡ «በ1946 ነው መርዶው የመጣው» የሚል ከሆነ ወይ መርዶው ዘግይቷል፣ ወይ በቁስል፣ በሕመም ወይም በአደጋ ሞቷል፤ ፍለጋውም በዚያው መጠን ይለወጣል።

ዘመድ ዓመተ ምሕረቱን ባያስታውስ እንኳ «ሲሄድ እገሊት አራስ ነበረች»፣ «የእገሌ ሠርግ ላይ አልነበረም» ማለቱ አይቀርም። የዚያን ሕፃን ዕድሜ ወይም የሠርጉን ዓመት ሲያጣሩ ከሦስቱ ዙሮች አንዱ ነጥሮ ይወጣል። ወሩ ከታወቀ ደግሞ ውጊያው ይጠባል። ጥቅምት 1945 ከሆነ ሁለተኛው ቃኘው በኩምህዋ ግንባር በትሪያንግል ኮረብታ ዙሪያ ነበር። ግንቦት 1945 ከሆነ ሦስተኛው ቃኘው ከፖርክ ቾፕ አጠገብ ዮክና አንክል የተባሉትን ምሽጎች ይዞ ነበር።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ስም ነው። የውጭ መዛግብት በላቲን ፊደል ስለተጻፉ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ከፊት ይመጣል። በ«ገብረ»፣ በ«ወልደ»፣ በ«ኃይለ»፣ በ«ተክለ» የሚጀምሩ ስሞች ለሁለት ይሰበራሉ፤ ገብረ መድኅን የተባለ ሰው «መድኅን» በሚለው ሥር ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። «ቀ» አንዴ በኬ፣ አንዴ በኪው ይጻፋል፤ «ጸ» በቲና ኤስ ወይም በኤስ ብቻ። በዚያ ላይ በአያቱ ወይም ባሳደገው ሰው ስም ተጠርቶ የተቀጠረ ወጣት ጥቂት አይደለም። ሊሆኑ የሚችሉትን አጻጻፎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝረው ይያዙ። ደግነቱ የኢትዮጵያውያኑ ዝርዝር አጭር ነው፤ የወደቁት ከ120 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ስለዚህ በፊደል ተራ ከመፈለግ ይልቅ ሙሉውን ከላይ እስከ ታች ያንብቡት።

ዝርዝሩን የት ያገኙታል? አዲስ አበባ ከሆኑ መጀመሪያ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ካለበት ቦታ ይሂዱ፤ የዘማቾቹን ማኅበር ይጠይቁ። ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራው የመታሰቢያ ግድግዳ የ40,896 ወዳቂዎችን ስም በየአገሩ ይዟል። ሴኡል ዮንግሳን ባለው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየምም ስሞቹ ተቀርጸዋል። የኢትዮጵያውያኑ አፅም ግን ወደ አገር ስለተመለሰ ፑሳን ውስጥ መቃብር ፍለጋ አይድከሙ። ቹንቾን ከተማ ያለው የኢትዮጵያውያን ዘማቾች ሐውልት በ1960 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ ነው፤ ከጎኑ የተሠራው አዳራሽ ፎቶግራፎችና ዕቃዎች አሉት።

የየዕለቱን ሁኔታ ለሚፈልግ ዋናው ምንጭ ያለው በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ነው። በመዝገብ ክፍል 407 ውስጥ የ32ኛው ሬጅመንት ወርሃዊ የእዝ ሪፖርቶች አሉ። ሲጽፉላቸው «ስለ አጎቴ» ብለው አይጀምሩ፤ ሬጅመንቱን፣ ወሩንና የሚፈልጉትን የሰነድ ዓይነት ይግለጹ። የተራ ወታደር ስም እዚያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሚገኘው የትኛው ሻምበል ጦር በየትኛው ኮረብታ እንደነበረ፣ ጥቃቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ስንት እንደሞተና እንደቆሰለ ነው። አጎትዎ የነበሩበትን ሻምበል ጦር ካወቁ ግን ይህ ብቻውን ብዙ ነው። የጦሩ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው ሥዕሎች በመዝገብ ክፍል 111 ይገኛሉ።

አገር ቤት የክቡር ዘበኛ መዝገብ በአንድ ቦታ ተሟልቶ ይጠብቀኛል አይበሉ፤ ጓዱ ራሱ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ተበትኗል። የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ በወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ማገላበጥ ይቻላል። ሞተ ከተባለበት ሳምንት ጀምረው ቢያንስ ሦስት ወር ወደፊት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በተገኘው መዝገብ አጎታችን የሞተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1951 ነው። አንዱ ዘመድ መስከረም 21 ነው ሲል ሌላው በስልክ ቀይሮ 20 አገኘ። አያታችን ደግሞ ሙት ዓመቱን የሚያወጡት በኅዳር ነበር። የትኛውን እንያዝ?
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ መስከረም 20 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው። ሃያ አንድ ያሉት ዘመድ በሌላ ዓመት ቢሆን ልክ ነበሩ። 1943 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ሆነችና የ1944 አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው። ይህ የአንድ ቀን ሽግሽግ እስከ ፌብሩዋሪ 1952 መጨረሻ ይዘልቃል። አንደኛው ቃኘው የከረመበት የውጊያ ወቅት በትክክል በዚህ ውስጥ ስለወደቀ ስሕተቱ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አለ። ከማርች 1952 በኋላ የሞቱትን ግን በተለመደው ስሌት መቀየር ይቻላል፤ ለምሳሌ ሜይ 20 ቀን 1953 ግንቦት 12 ቀን 1945 ነው።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ግጭቶች የሌሊት ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀኑ ይለወጣል፤ በእኛ ግን ሌሊቱን «ለ12 አጥቢያ» ብሎ የሚቆጥርም፣ ገና 11 ነው የሚልም አለ። መዝገቡ ሰዓት ከያዘ ሰዓቱንም ጨምረው ይጻፉ።

የአያትዎ ኅዳር ግን ስሕተት አይመስለንም። መርዶ ከኮሪያ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅ ስለነበር ብዙ እናቶች የሚያስቡት መርዶ የሰሙበትን ቀን ነው፤ አርባውንና ሰማንያውንም ከዚያው ቆጥረው አውጥተዋል። ሁለቱንም ቀን መዝግቡ፦ አንዱ የሞተበት፣ ሌላው ቤተሰቡ የተረዳበት። ጸሎቱን በየትኛው ቀን ማድረግ እንደሚሻል ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ አያታችሁ ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ቀን መዝገብ ተገኘ ብሎ መሻር ግን አይገባም።

ጥያቄ፦ የሟቹ ታናሽ እኅት እትዬ ብቻ ቀርተዋል፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። ልንቀርጻቸው ብንፈልግም ስለ ወንድማቸው ስንጠይቃቸው ወዲያው ያለቅሳሉ። እንዴት እንጠይቃቸው?
*አንባቢ፣ ከጎንደር*

መልስ፦ አይዘግዩ፤ ግን ከሞቱ አይጀምሩ። «መቼ ሞተ? ማን ነገራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሁሉን ነገር ወደ መርዶው ቀን ይሰበስበዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አይወጣም። ፎቶውን እጃቸው ላይ ያኑሩላቸውና ከቤቱ ይጀምሩ፦ ስንት ወንድምና እኅት ነበራችሁ? ማን ከማን ይበልጣል? እሱ ከብት ይጠብቅ ነበር ወይስ ቄስ ትምህርት ቤት ነበር? ማን ይዞት ሄዶ ተቀጠረ? ፈቃድ ሲመጣ ምን ለብሶ መጣ?

ሳይጠየቁ መቅረት የሌለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ የክርስትና ስሙ፤ ፍትሐቱ የተደረገው በዚያ ስም ነው፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ካለም የሚገኘው በዚያው ነው። ሁለተኛ እስከ ቅድመ አያት የሚቆጠር የአባትና የእናት ወገን። ሦስተኛ አብረውት የዘመቱ የመንደር ልጆች ስም፤ የእነሱ ልጆች የእናንተ ቤት የጠፋውን ፎቶ ይዘው ሊሆን ይችላል።

የእናቱን ሙሾም ይጠይቁ። ሲያለቅሱ ምን ይሉ እንደነበር እትዬ ቃል በቃል ያስታውሱ ይሆናል። በሙሾ ውስጥ የቦታ ስም፣ የአለቃ ስም፣ ሟቹ ቤት ውስጥ የሚጠራበት የቁልምጫ ስም ይኖራል። ቤት እንዲመታ ብላችሁ አታስተካክሉት።

ስልኩን በበረራ ሁነታ ላይ አድርጉና በታጠፈ ፎጣ ላይ፣ ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ይቀመጥ። በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እያንዳንዱ የሲኒ ኳኳታ ከድምፃቸው በላይ ይሰማል። ፍሪጅ አጠገብ አትቀመጡ። አንዱ ቅጂ ከ45 ደቂቃ አይለፍ፤ ሲደክማቸው ነገ ይቀጥላል። ከመዝገብ ያገኛችሁትን መረጃ ቀረጻው ሳያልቅ አትንገሯቸው። አንዴ ከሰሙት የራሳቸውን ትውስታ ትተው የእናንተን ይደግማሉ። ትረካቸው ከመዝገቡ ጋር ባይገጥም ሁለቱም ይቀመጥ። ሲያለቅሱም ቀረጻውን ለማቋረጥ አትጣደፉ፤ እሳቸው «ተዉት» ካሉ ግን ወዲያው ይቁም።

ጥያቄ፦ ያለን ብቸኛ ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። ጥግ ጥጉ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ አለ። እንዴት እናላቅቀው?
*አንባቢ፣ ከጅማ*

መልስ፦ አታላቅቁት። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ጄላቲን በተባለ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። እርጥበት ሲገባ ጄላቲኑ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ መስታወቱን ይዞ ይቀራል። በቢላ ወይም በክር ሲስቡት የሚላጠው ምስሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀርና እጃችሁ ላይ ባዶ ወረቀት ይወጣል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በእንፋሎት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅም ያው ነው።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ፍሬሙን በደረቱ አስተኝታችሁ የጀርባውን ካርቶን በቀስታ አውጡ፤ ሚስማሩን በፒንሳ ሳቡ እንጂ አትቀጥቅጡ። ፎቶውና መስታወቱ እንደተጣበቁ አብረው ይውጡ። መስታወቱን ከውጭ በኩል በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፤ ውኃ ወደ ጠርዙ አይድረስ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ስካን ይደረግ፦ ፖስት ካርድ ለሚያህለው ቢያንስ 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ከዚያ ላነሰው 1200፣ ፋይሉም ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው ቲፍ ይሁን። ስካነር ከሌለ በመስኮት ብርሃን ማንሳት ይቻላል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ፍላሽ ይጥፋ፤ ከስልኩ ኋላ ጥቁር ነጠላ ወይም ጋቢ ያንጠልጥሉ፣ አለዚያ የራሳችሁ ጥላ መስታወቱ ላይ ይታያል። ጀርባው ከታየ እሱንም አንሱት፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ከፊቱ ያላነሰ ይናገራል።

ነጠብጣቡ ደርቆ እንደ ዱቄት የሚነሳ ከሆነ ሻጋታ ነው፤ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይጠረጋል። ውስጥ ገብቶ የቀለመው አይለቅም፤ አትታገሉት። ከዚያ በኋላ ፎቶው ከጭቃ ወይም ከውጭ ግድግዳ፣ ከወጥ ቤት ጢስና ከፀሐይ ይራቅ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ቅጂው ይሁን። ላሚኔት ማስደረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙቀቱና ሙጫው መመለሻ የላቸውም። በእስክርቢቶ ጀርባው ላይ መጻፍም እንዲሁ፤ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ ካልሆነ ተጨምቆ ይደርስና ከዓመታት በኋላ በየቤቱ የሚገኘው ያ የደበዘዘው ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ፎቶውን በስልክ መተግበሪያ ባለቀለም አደረገው፤ ፊቱም ጠራ። እናስፍሬመው?
*አንባቢ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ እኛ ባንሰቅለው እንመርጣለን። መተግበሪያው የደበዘዘውን ፊት አያጠራም፤ ከሌሎች ሺህ ፊቶች ገምቶ አዲስ ይሠራል። የሟቹን ዓይን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ሲያልፉ እሱ ነው ተብሎ የሚቀረው ያ ግምት ነው። የደረቱን ሪባንና የመለዮውን ቀለምም ከራሱ ያመጣል። ከሰቀላችሁት ታች ላይ «በኮምፒውተር የተቀባ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ዋናው ቅጂም አጠገቡ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሜዳዩ ላይ «ኮሪያ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። አንድ ገዢ «የውጭ ቢሆን በእንግሊዝኛ ይጻፍ ነበር፣ አስመስሎ የተሠራ ነው» አለን። ጠቁሯልና እንወልውለው ወይ?
*አንባቢ፣ ከደሴ*

መልስ፦ ገዢው ወይ አያውቅም፣ ወይ ዋጋ እየሰበረ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ለተሳታፊ አገሮች በየቋንቋቸው የተሠራ ነው፤ አማርኛው አንዱ ነው። ነሐስ ነው፤ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር፣ ሪባኑ 17 ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት፣ ጫፍና ጫፉ ሰማያዊ። መስመሮቹን ቁጠሩ።

ጥቁረቱን አትንኩት። ነሐስ በዕድሜ የሚይዘው ቡናማ ሽፋን ቆሻሻ ሳይሆን የብረቱ መከላከያ ነው። ሎሚ፣ አመድና የነሐስ መወልወያ ያንን ሽፋን አንስተው ፊደሎቹንም ያሳሳሉ። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል፤ ላብ የጣት አሻራ አትሞ ስለሚቀር በጓንት ወይም ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ደማቅ አረንጓዴ ካያችሁ ግን እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ለዩትና በደረቅ ቦታ አኑሩት።

ሪባኑ አይታጠብ፤ ሰማያዊው ወደ ነጩ ይሮጣል። በሚሸትና እጅ ላይ በሚጣበቅ ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት አታስቀምጡት፤ ያ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት አሲድ ይተፋል። ነጭ ያልተነከረ የጥጥ ጨርቅና የካርቶን ሳጥን ይሻላል። ስም እናስቀርጽበት የሚለውንም አንመክርም፤ ስሙን በእርሳስ በወረቀት ጽፋችሁ በክር እሰሩበት። በአብዮቱ ዘመን መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን የቀበሩና የደበቁ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ያረጀ ሣጥን ስታራግፉ ሽፋኑን ሁሉ ሳትዳስሱ አትጣሉ።

ጥያቄ፦ አያቶቻችን ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን የልጃቸውን ስም በድንጋይ ማኖር እንፈልጋለን፤ አፅሙ ግን እዚያ የለም። ምን ብለን እናጽፍ?
*አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ከሰበካ ጉባኤው ፈቃዱን በጽሑፍ ውሰዱ፤ የቃል ፈቃድ አስተዳዳሪ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። «እዚህ አረፈ» አትበሉ፤ «መታሰቢያ» ይሁን። አንድ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ መቃብር መስሎት ይቆፍራል ወይም ሌላ ቦታ ያለውን ትክክለኛ መቃብር የሐሰት ያደርገዋል። የምንጠቁመው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«መታሰቢያ። ወታደር እገሌ እገሌ፣ ክርስትና ስሙ ወልደ እገሌ፣ የአቶ እገሌና የወይዘሮ እገሊት ልጅ። በክቡር ዘበኛ፣ ሁለተኛ ቃኘው ሻለቃ፣ እግረኛ። በኮሪያ በ… ቀን … ዓ.ም. ወደቀ።»

ወላጆቹ በስም መጠራታቸውን አትዝለሉ። ዕድሜውን የምታውቁት በግምት ከሆነ ተዉት። ማዕረጉም በመዝገብ ያገኛችሁት ይሁን፤ ዘመድ ሁሉ ሟቹን ወደ መቶ አለቃነት ማሳደግ ይወዳል፣ ይህም ኋላ መዝገብ የሚፈልገውን ሰው ያሳስታል።

ድንጋዩ ደጅ የሚቆም ከሆነ ከእብነ በረድ ይልቅ ግራናይት ይሻላል፤ እብነ በረድን ዝናብ እየላሰ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ውፍረቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ፊደሉ ይቀረጽ እንጂ በቀለም ብቻ አይጻፍ፤ ቁመቱም ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር። የእኛ ፊደል ከላቲኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ሚ እና ሜን፣ ሲ እና ሴን የሚለያቸው እግር ሥር ያለች ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደሉ ካነሰ ያቺ ቅጥያ ወይ ሲቀረጽ ትፈረፈራለች፣ ወይ በሁለት ክረምት የድንጋይ ሽበት ይሞላትና የሰውየው ስም ይቀየራል። ከታች አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ ተዉ፤ እኅት ወንድሞቹ መጠራት ሊፈልጉ ይችላሉ።

ጠራቢው መሮውን ከማንሳቱ በፊት ጽሑፉን በድንጋዩ ልክ ወረቀት ላይ ያሳትምላችሁ። ዐቢይ ስሕተት የሚወጣው በስምና በቀን ነውና፣ ወረቀቱን ካዘጋጀው ሰው ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች ፊደል በፊደል ያንብቡት፤ ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ ቤተሰቡ ሲጽፍ እንደኖረው ይሁኑ። ተስማምታችሁ የፈረማችሁበትን ወረቀት አንዱን ለጠራቢው፣ አንዱን ለራሳችሁ አስቀሩ።